ድፎዬ መሃሉ ለምን ሊጥ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አያቴ ድፎ ስትደፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን ለልጆቼ በኦቨን ስሞክር ላዩ ያርራል፣ መሃሉ ግን ሊጥ ነው። ጣዕሙም የሱቅ ዳቦ ይሆንብኛል። ኮባ ደግሞ እዚህ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ መሃሉ ሊጥ የሆነ ድፎ እኔም አውቃለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ደብረ ብርሃን፣ የቡሄ ዋዜማ። አያቴን “እማዬ” ነበር የምንላት። አጎቴ “ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?” እያለ ያሾፍብኛል፤ ዳቦው ሲወጣ ግን ቀድሞ ከች የሚለው እሱ ነው።

እማዬ ሊጡን የምታቦካው ማታ ነው። የደብረ ብርሃን የነሐሴ ብርድ አይጣል ነው። ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ታሳድረዋለች። ሌሊት ተነስቼ እዳብሰው ነበር፤ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ጠዋት የኔ ሥራ ኮባውን መወልወልና እሳት ላይ ለብለብ ማድረግ ነው። ካልተለበለበ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከዚያ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በኮባ ይሸፈናል። በላዩ የብረት ምጣድ ተደፍቶ ፍም ይደረግበታል። ከላይም ከታችም እሳት።

ያን ቀን እማዬ ጎረቤት ስትወጣ አላስችል አለኝና ክዳኑን ከነፍሙ ገለጥኩት። በኋላ ሲወጣ መሃሉ ስርጉድ ብሏል። አልተቆጣችም። “አስደነገጥከው” አለች፣ በቃ። ዳር ዳሩን ለሆያ ሆዬ ጨፋሪዎቹ ቆረሰችላቸው። መሃሉን፣ ጥሬውን፣ እኔ በላሁ።

ወደ እርስዎ ዳቦ ልመለስ። እሳቱ የበዛበት ይመስለኛል። ድፎ ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ መሃል ሳይደርስ ላዩ ያርራል። ኮባው ደግሞ ለሽታ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ እንፋሎቱን አፍኖ ላዩ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በእስያውያን ሱቆች ማቀዝቀዣ ውስጥ የሙዝ ቅጠል ያገኛሉ። መዓዛው ኮባን አያክልም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። እሱንም ለብለብ ያድርጉት። ከዚያ ክዳን ባለው ከባድ ድስት፣ በ350 ፋራናይት። የ1 ኪሎ ዱቄት ድፎ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በመሃል አይክፈቱ!

የሱቅ ጣዕም የሚያመጣው ጥድፊያ ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የፓኬት እርሾ ይበቃል፤ ሊጡ ይደር። ዱቄቱም ግማሹ ያልተነፋ ስንዴ ይሁን። ጥቁር አዝሙዱን መቼም አይረሱትም።

መብሰሉን ለማወቅ ይገልብጡና ጀርባውን በጣትዎ ያንኳኩ። እማዬ ጆሮዋን አስጠግታ ነበር የምታዳምጠው። እንደ ከበሮ ከጮኸ ደርሷል፤ ከታፈነ ይመልሱት። ሲወጣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው እስኪበርድ ይተዉት። እኔ ይሄኛውን እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም።