ጥቁሩ ስክሪን ሲመጣ አትደንግጡ፦ የሊኑክስ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹን ያቀረቡልኝ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና በቅርቡ የጫኑ ሰዎች ናቸው። መልሶቹም ለኡቡንቱ የተሰጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ስጫን ስክሪኑ ጠቆረና «ሎግኢን» የሚል ቃል ብቻ ቀረ። የጀመርኩት ጽሑፍ ጠፋ?

መልስ፦ አልጠፋም። ሊኑክስ በአንድ ጊዜ ብዙ ገጾችን ይይዛል፤ አንተ ወደ ሌላው ተሻገርህ እንጂ የመጀመሪያው ከነጽሑፍህ እዚያው እየሠራ ነው። በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ2 ተመለስ። ካልሆነ ኤፍ1ን፣ በቆዩ እትሞች ላይ ደግሞ ኤፍ7ን ሞክር። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የኤፍኤን ቁልፍም አብሮ መጫን አለበት።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃል ስጽፍ ምንም ነገር አይታይም።

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው፤ ርዝመቱ እንኳ እንዳይታወቅብሽ። ጽፈሽ ጨርሺና ኢንተርን ተጫኚ።

ጥያቄ፦ ትእዛዝ ለመለማመድ ሁልጊዜ ወደ ጥቁሩ ስክሪን መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ ተርሚናልን፣ ማለትም የትእዛዝ መጻፊያውን፣ በመስኮት ይከፍትልሃል። ለዕለት ተዕለት ልምምድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፑ ደርቆ ሲቀር የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ እይዛለሁ። ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ፦ እባክህ ይህን ልማድ ተው! የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ መንገድ ያጣ ጓደኛ ስላለኝ ነው አጥብቄ የምናገረው። አብዛኛውን ጊዜ የደረቀው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ይሰማሃል። በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ተሻገርና በስምህ ግባ። «ቶፕ» (top) የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጻፍ፤ ፕሮሰሰሩን አብዝተው የሚጠቀሙት ፕሮግራሞች ከላይ ይሰለፋሉ። ጥፋተኛውን ስታገኝ በግራ በኩል ያለውን ቁጥሩን ያዝ፤ ትንሹን ኬ ተጫን፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ከዚያ ኢንተርን ሁለት ጊዜ ተጫን። ይህ ፕሮግራሙን በትሕትና ዝጋ ብሎ መጠየቅ ነው። እምቢ ካለ በሁለተኛው ኢንተር ፈንታ 9ን ጽፈህ ኢንተርን ተጫን፤ ያኔ በግድ ይዘጋል፤ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ያላስቀመጥከው ሥራ ግን ይጠፋል። የፕሮግራሙን ስም ሳታረጋግጥ አትዝጋ። በኪው ከቶፕ ወጥተህ ወደ ዴስክቶፕህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የሰየምኳቸው ፋይሎች በጥቁሩ ስክሪን ላይ አይነበቡም። ተበላሽተው ነው?

መልስ፦ አልተበላሹም፣ እመቤቴ። ያ ስክሪን በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጾችን መያዝ ስለማይችል የላቲኑን ይዞ ይነሳል። በተርሚናል መስኮት ውስጥ ቢከፍቷቸው ስሞቹ በፊደላችን ይታያሉ። ለጥቁሩ ስክሪንም ቢሆን መላ አለ፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሰትአፕ» (sudo dpkg-reconfigure console-setup) የሚለውን በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ኢትዮፒክን ይምረጡ። የፊደል ቅርጹ (ፎንቱ) ጎሃ ይባላል። ይህን ስም መጀመሪያ ሳየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወደ ላቲኑ መመለስ ሲፈልጉ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት።