ደም የቀላቀለ ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም

ወገኖቼ፣ ሰው አገር ስንታመም ሐኪሙ ቶሎ ዓይኑ የሚያርፈው የትውልድ አገራችን ላይ ነው። ለወገን ሳስተረጉም ሐኪም ቤት ብዙ ተቀምጫለሁ። ታማሚው እየሳለ ይገባል። ቅጹ ላይ የት እንደተወለደ ይሞላል። አክታው ደም ቀላቅሏል፣ ከስቷል፣ ራጁ ላይ ጥላ ይታያል። ወዲያው ሐሳቡ ሁሉ ወደ ቲቢ ይሄዳል። ቲቢን መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ በቅድሚያ እሱ መጣራት አለበት። ነገር ግን ምርመራው ቲቢ የለም ካለ፣ ወይም መድኃኒቱ እየተዋጠም ሳሉ አልለቅ ካለ፣ አንድ ሌላ ነገር ጠይቁ፤ የሳንባ ትል ይሆን?

የሳይንስ ስሙ ፓራጎኒመስ ነው። ያደገው ትል ቅርጹም መጠኑም የቡና ፍሬ ይመስላል። የሚይዘን የወንዝ ወይም የሐይቅ ሸርጣንና ክሬይፊሽ (ትንሽ ሎብስተር የሚመስል የውሃ እንስሳ) ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ስንበላ ነው። በአክታና በሰገራ የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ፣ ቀጥሎ ሸርጣን ውስጥ ገብቶ ያድጋል። እኛ ስንበላው አንጀት በስቶ ይወጣል። ከዚያ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። እንቁላል መጣል እስኪጀምር ከ65 እስከ 90 ቀን ይፈጅበታል። ሰው ውስጥ 20 ዓመት ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ "ምን በላህ?" ስትባሉ የትናንቱን ብቻ አታስቡ። ከዓመታት በፊት የሠራችሁበትን አገርም አስታውሱ።

በሽታው በብዛት ያለው በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን፣ ፊሊፒንስ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እንዲሁም በላቲን አሜሪካም አለ። አሜሪካ ያላችሁም አትዘናጉ። ከ2006 እስከ 2010 ሚዙሪ ውስጥ 9 ሰዎች ታመዋል። ሁሉም ለጀልባ ሽርሽር ወይም ለካምፕ ወጥተው ከወንዝ የተያዘ ክሬይፊሽ ጥሬውን ወይም በቅጡ ሳይበስል የበሉ ነበሩ። ኮምጣጤ፣ ጨው ወይም ወይን ውስጥ መዘፍዘፍ አያስተማምንም። እስኪበስል ማብሰል ነው። ጥሬው የተቆረጠበት ቢላና መክተፊያም ሳይታጠብ ሌላ ምግብ አይነካ።

ምርመራው ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እንቁላሉ አክታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ግን ለቲቢ ተብሎ አክታው የሚቀባው ቀለም እንቁላሉን ያጠፋዋል። ያው አክታ ተመርምሮ "ምንም የለም" ሊባል ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለትል እንቁላል ተብሎ ለብቻው መታየት ያለበት። አክታ ስለሚዋጥ ሰገራም ይመርመር። የደም ውጤታችሁ ላይ ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከፍ ብሎ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የአንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ትሉን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን የሚፈልግ፣ የደም ምርመራም አለ። በተለይ ትሉ ከሳንባ ውጭ ሲሆን ይጠቅማል። አንዳንዴ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ራስ ምታትና የሚጥል በሽታ ያመጣል፣ እይታንም ያውካል።

ሳስተረጉም "የተለየ ነገር በልተሃል?" ሲባል አብዛኛው ሰው "ኧረ ምንም" ይላል። አፍሮም ሊሆን ይችላል፣ ረስቶም። እባካችሁ እንዲህ በሉ፦ "በዚህ ወር፣ እዚህ ቦታ፣ ያልበሰለ ሸርጣን በልቻለሁ።" ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የወራት ምልልስ ታስቀራለች።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለቢልሃርዚያም የሚሰጠው። የተለመደው አወሳሰድ በቀን 3 ጊዜ ለ2 ቀን ነው፤ መጠኑ በክብደት ይሰላል። ከሰው ተቀብላችሁ አትዋጡት። ትሉ ጭንቅላት ውስጥ ካለ እብጠት የሚቀንስ ተጨማሪ መድኃኒት ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪም ይከታተላችሁ።

የሳንባ ትል በሳል ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቲቢ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ልጆቻችሁን ማቀፍ አትፍሩ። ከዚያው ሳህን አብሯችሁ የበላ ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ደውሉለት። እሱ ገና መሳል አልጀመረ ይሆናል።