መልስ፦ ትምህርት በነጻ ከሆነ መዋጮው ከየት መጣ?

እህቴ፣ «ጎንደር ላይ ልጄን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ መዋጮ ተጠየቅሁ፤ መንግሥት በጀት አይመድብም ወይ?» ላሉት፦

ይመድባል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ እስከ 10ኛ ክፍል መማር በነጻ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል በጥቅል ድጎማ ለአማራ ክልል ይመጣል፤ ክልሉም በቀመር ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍለዋል። እዚያ ሲደርስ ግን አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ አምጥቷል፤ ጣሪያ የሚያስቀይር ግን አይደለም።

በወላጅና መምህር ኅብረት ውስጥ ሳገለግል ሰኔ በገባ ቁጥር አንዱ ክፍል ያፈስስ ነበር። ልጆቹ ዴስኩን ወደ ደረቁ ጥግ ገፍተው፣ ደብተራቸውን በሹራባቸው ሸፍነው፣ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ ነበር። ቆርቆሮውን የገዛነው አዋጥተን ነው፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ነገር ግን መዋጮ በፈቃድ ነው። ወላጅ አልከፈለም ተብሎ ሕፃን ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። እርስዎም ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ የወጪውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ ልጅዎን ከከለከሉብዎ በጽሑፍ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያመልክቱ።