የ1947 ሸቭሮሌ ዳሽቦርድ፦ እንዳይፍቁት

የ1947 እ.ኤ.አ. ሸቭሮሌ ፍሊትማስተር መኪናዎን የዳሽቦርድ «እንጨት» በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ቫርኒሽ ይቀቡት እንደሆነ ለጠየቁት፣ እባክዎ አይንኩት፤ ከሥሩ የሚያገኙት ላሜራ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የተለመደ አሠራር፣ ላሜራውን ፈካ ያለ ቡናማ መደብ ቀለም ቀብቶ፣ የእንጨት መስመር ከተቀረጸበት የኅትመት ሰሌዳ ላይ ጠቆር ያለ ቀለም በሮለር አንሥቶ ላሜራው ላይ ማተምና በላዩ ላከር (ቀለም የሌለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን) መርጨት ነበር። ኅትመቱ እጅግ ስስ ስለሆነ ቲነር የነካው ጨርቅ እንኳ ያነሣዋል። የመጀመሪያውን ቀለም ለማወቅ ፀሐይ ያላገኘውን፣ በመቆጣጠሪያ ሰዓቶቹ ክፈፍ ሥር የተሸፈነውን ጠርዝ ይመልከቱ። የደበዘዘው ጥቂት ከሆነ፣ እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ፤ በእጅ ብሩሽ የተሣለ ምትክ (ሠዓሊው ምንም ጎበዝ ቢሆን) ከሩቅ ያስታውቃል።