መልስ፦ የይግባኝ ዳኛ በፓርቲ ይመረጣል ወይ?

ሰላም ለእርስዎ። በአሜሪካዋ የሰሜን ካሮላይና ግዛት የይግባኝ ዳኛ በፓርቲ ይመረጣል ወይ ላሉት፣ አዎ፤ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከስሙ ጎን ፓርቲው ይጻፋል፣ የሥራ ዘመኑም 8 ዓመት ነው። ፍርድ ቤቱ 15 ዳኞች አሉት። ሦስት ሦስት ሆነው ይሰየማሉ፤ ምስክር አይሰሙም፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ሕግ መሳቱን አለመሳቱን ይመረምራሉ እንጂ።

ጄፈርሰን ግሪፈንን ይመልከቱ። ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፣ ቀጥሎ በዌክ ካውንቲ ዳኛ ሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በሪፐብሊካን ስም ለይግባኝ ፍርድ ቤቱ ተመረጡ። በ2024 ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወዳድረው ከ5.5 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ከተሰጠበት ምርጫ በ734 ድምፅ ብቻ በዴሞክራቷ ተፎካካሪያቸው በአሊሰን ሪግስ ተሸነፉ። ከዚያ ከ60,000 በላይ ሰዎች ድምፅ እንዲሰረዝ ተከራከሩ። በወቅቱ የነበረውን ደንብ አክብሮ የመረጠ ሰው፣ ድምፁ ይቆጠር አይቆጠር ሳያውቅ ወራት መክረሙ እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል። በግንቦት 2025 የፌዴራል ዳኛው ሪቻርድ ማየርስ፣ ያውም በትራምፕ የተሾሙት፣ ለሪግስ ፈረዱ፤ ግሪፈንም ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት መወዳደር የይግባኝ ወንበርን መልቀቅ ስለማይጠይቅ፣ ግሪፈን ያንን ወንበር አላጡም።