ለእንቁጣጣሽ የወረቀት ሥራ ከልጆች ጋር፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ኬጂ አስተማሪ ነኝ። ነሐሴ ነው፣ ልጆቹ ቤት ናቸው፣ ዝናቡም አያስወጣ፣ ስለዚ የበዓል የወረቀት ሥራና የልጆች የጣት ልምምድ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጣሉት፣ እስኪደክመኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመቷ ነው፣ መቀስ ልስጣት?

ስጫት፣ ግን ክብ ቁረጪ አትበያት። በዚህ እድሜ የወረቀቱን ጠርዝ ቆረጥ ቆረጥ ካደረገች በቂ ነው፣ መስመር ተከትሎ መቁረጥ ወደ 4፣ ክብ ደሞ ወደ 5 ገደማ ነው ሚመጣው፣ ልጅ ከልጅ ይለያያል። ጫፉ ዱልዱም የሆነ የልጆች መቀስ ይሁን፣ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ይሁን፣ ወረቀቱ ጠንከር ይበል፣ ስሱ መቀስ ውስጥ እየታጠፈ ያናድዳቸዋል፣ የብስኩት ካርቶን አሪፍ ነው።

ጥያቄ፦ አደይ አበባ ያለ መቀስ ይሠራል?

እንዴት አይሠራም፣ እንደውም እኔ ከመቀስ በፊት ማስጀምረው በሱ ነው። ቢጫ ወረቀት በጣት ይቅደዱ፣ ሲቀዱ ሁለቱ እጆች በተቃራኒ ስለሚሄዱ ለመቀስ የሚያዘጋጃቸው እሱ ነው። 8 ገደማ ቅጠል ዙሪያውን ይለጥፉ፣ መሀሉን ደሞ ሶፍት ቆርጠው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ እያድቦለቦሉ ትንንሽ ኳስ ይሙሉት፣ በመዳፍ ካድቦለቦሉት ጥቅሙ ይቀራል። ቢጫ ወረቀት ካጣችሁ የደብተር ወረቀት እርድ በጥብጣችሁ ቀቡት፣ ልብስ ግን አይለቅም እንዳትረግሙኝ።

ጥያቄ፦ ኮላ ውድ ነው፣ ትንሹ ደሞ ይልሰዋል

1 እጅ ፉርኖ ዱቄት ለ3 እጅ ውሃ፣ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር፣ ከዛ ይቀዝቅዝ። በጣታቸው ይቀቡ፣ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ማስቲሽ ልጅ እጅ አይግባ፣ ሽታው ራሱ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ አበባ የሴት ነው ብሎኝ እምቢ አለ

አባባ፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ስዕል ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ማን ሆነና! ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ የሳሉትን አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ይዘው ይመጣሉ፣ ይንገሩት፣ ብር እንዳለውም አይርሱ፣ ያኔ ይነሳል። አሁን አሁን የታተመ እየገዙ ነው የሚያዞሩት፣ እሱ ለጣት ምንም አይጠቅም። የተሰባበረ አጭር ከለር ይስጡት፣ አጭር ሲሆን በጭብጥ መያዝ ስለማይመች በጣቶቹ ጫፍ እንዲይዝ ያስገድደዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ግራኝ ነች፣ በቀኝ ላስለምዳት?

አይ። የግራ መቀስ ፈልጊላት።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፣ እዚህ ሴፕቴምበር 11 ትምህርት ቀን ነው፣ ጊዜ የለንም

መስከረም 16 የመስቀል ዋዜማ፣ ደመራ አለላችሁ እኮ፣ ችቦ ሥሩ። ልጅሽ የጋዜጣ ወረቀት እርሳስ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትጠቅልል፣ እርሳሱን ትሳብ፣ 6 ወይ 7ቱን በክር ትሰር፣ ጫፉ ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ወረቀት ለእሳቱ። ማሰሩን አንቺ አትጨርሺላት፣ ቢላላም ይላላ፣ ቋጠሮው ነው ዋናው ልምምድ።