አጎበሩ ታጥፎ ተቀምጧል

ጥያቄ፦ ጦርነት ሸሽተን መጠለያ ጣቢያ ከገባን አምስት ወራችን ነው። ያደግነው ደጋ ስለሆነ ወባን በስም ብቻ ነበር የምናውቀው። ስድስት ነን፤ የታደለን አጎበር ግን አንድ ነው። የላስቲክ ግድግዳ ምስማር ስለማይዝ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ሙቀቱም ስለማያስተኛ እስከ እኩለ ሌሊት ደጅ እናመሻለን። ባለፈው ሳምንት ለታላቁ ልጄ የታዘዘውን የወባ መድኃኒት ለሁለት ከፍዬ፣ ያተኮሳትን ታናሿንም አዋጥኋት። አጥፍቻለሁ?
(የአራት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ የጻፉት ነውና ከእሱ ልጀምር። ያደረጉት ከእናት አንጀት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ልጆች በቅጡ ሳይታከሙ ቀርተዋል። አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን የተባለው የተለመደው የወባ መድኃኒት በልጁ ክብደት ተለክቶ ለ3 ቀናት፣ በ6 ጊዜ የሚወሰድ ነው። ትኩሳቱ ቶሎ ቢበርድም ተሐዋሲው ከደም ላይጠፋ ይችላል። ሁለቱንም ዛሬውኑ ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱ፤ መድኃኒቱን ለሁለቱ ማካፈልዎንም ሳያፍሩ ይንገሩ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። ከዚህ በኋላም ማንኛችሁንም ትኩሳት ቢይዛችሁ ከ24 ሰዓት በላይ አትቆዩ። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው፣ አዋቂም ቢሆን፣ በሽታው ይጠናበታል።

ወደ አጎበሩ ስንመጣ፣ ግድግዳ አያስፈልገውም። በመኝታው አራት ማዕዘን አራት እንጨት ተክለው የአጎበሩን ማዕዘኖች በገመድ እንጨቶቹ ላይ ይሰሩ፤ ጫፉን ምንጣፉ ሥር ይወትፉት። ሙቀቱ ካስጨነቃችሁና አካባቢው ሰላም ከሆነ ያንኑ ደጅ መትከል ይቻላል። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ሲያመሹ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ትንንሾቹን ግን በጊዜ አጎበር ውስጥ ያስገቧቸው። ስሌቱ ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ስለሆነ ገና ሁለት ይጎድላችኋል። አዳዮቹን ደጋግመው ይጠይቁ፤ ልመና አይደለም።

የውሃ በርሜላችሁንም ይክደኑ፤ በየሳምንቱም ገልብጠው ውስጡን ይፈግፍጉ። ወባ የረግረግ ብቻ ይመስለናል እንጂ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥም ትራባለች።

አጎበሩ እስካሁን ከማሸጊያው ካልወጣ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ቀን ጥላ ሥር ያናፍሱት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ አጎበሩ የተነከረበት የትንኝ መድኃኒት ይዳከማል።